በመድኃኒት መጠየቂያው ስልክ የሰማሁት

እኔ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ነኝ፣ ሩዝ እዘራለሁ፣ ከብት አረባለሁ፣ ሰው ስለ ጥላ ወጊና ስለ ዛር ማውራት ሲጀምር ነጠላዬን አራግፌ የምነሣ ሰው ነኝ፣ ይህንን አገሩ ሁሉ ያውቃል። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ስለሆነ ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረድብኝ፣ ነገሩ ግን እንደምነግርህ ነው፣ አንዲት አልጨመርኩበትም።

ባለፈው ክረምት በፍልሰታ ጾም ባለቤቴን ሙሉን ጥርሷ አላስተኛ ቢላት ወረታ ሐኪም ቤት ወስጄ አስነቀልኳት፣ ሲነቅሏት እኔ ውጭ በቅሎ ይዤ ነበር። መድኃኒቱን የሰጠችን ፋርማሲስት ልጅ እግር ናት፣ ከመስኮቱ ኋላ ስለ መድኃኒት ግራ የገባው ሰው የሚጠይቅበት ክፍል አላት። «አባ፣ ቤት ገብተው ግር ካለዎት ይደውሉልኝ፣ ሳያውቁ እንዳይሰጧት» ብላ ስልኬን ተቀበለችና የክፍሏን ቁጥር በአንዲት ቁልፍ ላይ አስቀመጠችልኝ። ኪኒን መዋጥ ደግሞ ምን ጥያቄ አለው ብዬ በሆዴ ስቄባታለሁ።

ቤት ስንደርስ ጎርፉ ጓሯችን ገብቷል፣ ጣራው ያፈሳል፣ የኪኒኑ ወረቀት ረጥቦ ሊበጣጠስ ሆነ። እንዳይሟሟ ብዬ የጥርሱንም፣ ከድሮ ጀምሮ የምትውጠውን የልቧንም፣ አንድ ላይ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠርኩት፣ እኛ ዘንድ ጨውም ሆነ ብር የሚያዘው እንዲሁ ነው።

ወደ ማምሻው ደሙ አልቆም አለ። ትተፋለች፣ ጣሳው ይቀላል፣ ደግሞ ትተፋለች፣ ከንፈሯ አመድ መሰለ። «አንተ፣ ማስታገሻውን ስጠኝ፣ ገደለኝኮ!» አለችኝ። ቋጠሮውን ብፈታው ኪኒኑ ሁሉ አንድ መልክ ሆኖብኝ ቁጭ አለ። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ።

«ያንን ደም የሚያቀጥነውን የልብሽን ኪኒን ለጥርስ ሐኪሙ ነግረሽዋል?»

«ምን ብዬ?»

«እወስዳለሁ ብለሽ ነዋ!»

«የደብራችን እማሆይ አጠገቤ ተቀምጠው፣ ጠበል ላይ ሆኜ ኪኒን እውጣለሁ ልበል? ምንም አልወስድም አልኩት።»

ስልኬን ከኪሴ መዝዤ ቁልፏን ተጫንኩ።

ልጅቱ አነሣች፣ ድምጿ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ግን ከኋላዋ ላም እምቧ አለች። ሐኪም ቤት ውስጥ የምን ላም ነው ብዬ ሳልጨርስ የኔዋ ዳለቻ ከበረት እምቧ አለች፣ ያንኑ፣ መጨረሻው ላይ የሚሰነጠቀውን ድምፅ። ጆሮዬ ነው አልኩና ነገሩን ሁሉ፣ ጥርሱንም፣ የልቧንም፣ ቋጠሮውንም እየተንተባተብኩ ነገርኳት። መሐል ላይ በስልኩ ውስጥ ጣሳ ወድቆ ሲንከባለል ሰማሁ። ዞር ብል ጣሳው ገና በባለቤቴ እጅ ነው፣ በዓይኔ አየሁት፣ ከዚያ አመለጣትና ወደቀ፣ ተንከባለለ፣ ደሙ ወለሉን አለበሰው።

ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ አየሁት፣ መልሼ ለጠፍኩት።

«አባ፣ ይሰሙኛል? ከቋጠሮው ምንም እንዳይሰጧት። ማስታገሻውም ቢሆን ደሙን ሊያባብሰው ይችላል። ንጹሕ ጨርቅ አጣጥፈው በተነቀለው ቦታ ላይ ጠበቅ አድርጋ ትንከስበት፣ ቀና ብላ ትቀመጥ፣ አትጉመጥመጥ። ሳይውሉ ሳያድሩ ይዘዋት ይምጡ።»

«አሟታልኮ፣ ልጄ!»

«አውቃለሁ፣ አባ። እንዳይሰጧት!»

ሰው አዝዞኝ አላውቅም፣ ያን ቀን ግን እንደ ሎሌ ታዘዝኩ። ጨርቁን አስነክሻት ስልኩን ወደ ጆሮዬ ብመልሰው ከልጅቱ ድምፅ ኋላ ሰው ያለቅሳል። ሽማግሌ ነው። «ወይኔ ሙሉዬ፣ ወይኔ ቤቴ!» ይላል። የራሱን ድምፅ የሚስተው ማን ነው፣ እኔ ነበርኩ፣ አፌ ግን ዝግ ነበር።

ጎረቤት ጠርቼ በቃሬዛ አነሣናት፣ ውኃው ጭናችን ድረስ ነው፣ እነሱ መንገዱን ያያሉ፣ እኔ አፏን አያለሁ። በስልኩ የሰማሁት የላሚቱም ደረሰ፣ የጣሳውም ደረሰ፣ ልቅሶውም አሁን ይደርሳል እያልኩ፣ ቃሬዛው ባዘነበለ ቁጥር አለቀላት እያልኩ፣ አምላኬን በማላውቀው ቃል ሁሉ ለመንኩት። ወረታ አስገባናት፣ ሐኪሞቹ ተረባረቡባት፣ ደሙ ቆመ። ዳነች።

በማግስቱ ልጅቱ ዘንድ ሄድኩ። «ክፍልሽ ውስጥ ያለቀሰው ማነው?» አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ። «እኔ ዘንድማ ማንም አልነበረም፣ በሩም ዝግ ነበር። እኔኮ ነኝ ልጠይቅዎ ያሰብኩት፣ እያወሩኝ እንዴት ነበር የሚያለቅሱት? ባለቤትዎ ያረፉ መስሎኝ ነበር።»

«እኔ አላለቀስኩም።»

«ሰምቻለሁኮ፣ አባ።»

ሙሉ ይኸውልህ ደኅና ናት፣ ይህንን ስጽፍ እንኳ ደጅ ሩዟን አስጥታ ከዶሮዎቹ ጋር ትጣላለች። በቅርቡ ወንድሜ ሞተ፣ ነፍሴን የምሰጥለት ታላቄ፣ መቃብሩ ላይ ጋቢዬን ነክሼ ቆምኩ፣ ትንፍሽ አላልኩም። ለቀስተኛው ልቡ ድንጋይ ነው ብሎ አማኝ። ሙሉም ማታ «ለወንድምህ እንኳ? እኔ ብሞትማ ትስቃለህ!» አለችኝ። ምን ልበላት፣ ያ በስልኩ የሰማሁት ልቅሶ ከጉሮሮዬ ካልወጣ የሷም ቀን አይመጣም ብዬ ይዤዋለሁ፣ እልኸኛ መሆኔን ታውቃለህ፣ እስከ ዛሬ አልለቀቅኩትም። ብቻ አንዳንዴ እሷ ከሄደችበት ዘግየት ስትልብኝ ከታች ወደ ላይ ይገፋኛል፣ ጥርሴን ግጥም አድርጌ እስክትመጣ እጠብቃለሁ።