ጎበዜን መሸኘት

ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ቀለበቱ የሚያወጣው በር ተከፈተ። ጎበዜ እንደ ወትሮው ደፉ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ቁመቱ ከኤልዳና ወገብ አያልፍም። ጉልበታቸው እንደ ዶሮ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ሁለት ቀጫጭን እግሮች አሉት፤ ፊት የሚባል ነገር ግን የለውም፤ በፊት ፈንታ አንዲት አረንጓዴ መብራት ታበራለች። የጤና ቢሮው በወረቀት ላይ የሚጠራው «አጃቢ» ብሎ ነው፤ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶች ሲራመዱና ሶምሶማ ሲሮጡ ወድቀው እንዳይቀሩ አብሯቸው የሚሮጥ ማሽን ማለት ነው። ጎበዜ ብላ ስም ያወጣችለት እሷ ናት። አራት ዓመት አብሮ የሮጠን ባልንጀራ በቁጥር መጥራት ነውር መሰላት።

«ደህና ዋልክ ጎበዜ?»

«ደህና ዋልኩ ወይዘሮ ኤልዳና። የዛሬው ሦስት ሺህ እርምጃ ነው። ቀኝ ጉልበትዎ አብጧል፤ በዝግታ እንሂድ።»

«አንተ ደግሞ ወሬ ስትጀምር ከክፉው ነው» አለችው፤ እንደ ልማዷ ልትስቅ ስትል ከማሽኑ ኋላ የቆመውን ሰው አየችና ሳቋን ዋጠችው።

ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ትንሽ ቦርጭ ያወጣ፣ የመሣሪያ ቦርሳ ያነገተ ሰው ነው። ይድነቃቸው እባላለሁ፣ የቢሮው ቴክኒሻን ነኝ፣ ዛሬ አብሬያችሁ እሮጣለሁ አላት። ለምን እንደመጣ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ደብዳቤው ከደረሳት ሦስት ቀኑ ነው።

ለቡ ላይ የተተከለው የአዛውንቶች ማማ አርባ ፎቅ አለው፤ በየፎቁ ስምንት ሰው ይኖራል። የስምንቱን ሰው ቤት የሚዞረው ባለ ጣሪያ የመሮጫ መንገድ ነው ቀለበት የሚባለው። አዛውንት ከአዛውንት ተጋጭቶ ዳሌ እንዳይሰበር ተብሎ ቀለበቱ በተራ ተከፋፍሏል፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሰዓት ተኩል ይደርሰዋል። የአንዱ በር ሲከፈት የሰባቱ ይዘጋል። ከኤልዳና ቀጥሎ የሚሮጠው ከግድግዳው ወዲያ የሚኖረው ጎረቤቷ ነው። በሊፍቱ በኩል ባለው በሩ ላይ «ሮቤል ታምራት» የሚል ተጽፏል። ስሙን አራት ዓመት አንብባዋለች፤ ሳሉንም በግድግዳ በኩል ታውቀዋለች። አንኳኩታ ግን አታውቅም። ምን ልል መጣሁ ትበል?

ችግሩ የጀመረው በጉልበት ጠባቂው ነው። ጉልበት ጠባቂ ከካልሲ የቀጠነ፣ ጉልበት ላይ የሚጠለቅ ጨርቅ ነው፤ እርምጃ ይቆጥራል፣ እብጠት ይለካል፣ አልፎ አልፎ በትሑት ድምፅ ይመክራል፣ የለካውንም ሁሉ ለቢሮው ያቀብላል። ምስጢር የሚባል ነገር አያውቅም። የታዘዘላት በቀን ሦስት ሺህ እርምጃ ሆኖ ሳለ ጠባቂው ዘጠኝ ሺህ ይቆጥራል። ጉልበቷ ደረጃ እንደወጣ ሰው ሁልጊዜ ያቃጥላታል፤ ከወንበር ስትነሳ ጠረጴዛ ትይዛለች። ደብዳቤው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ የእርምጃው ብዛት ምክንያቱ ካልታወቀና እብጠቱ ካልጎደለ በሩ ይታሸጋል፤ ወይዘሮ ኤልዳና ወደ ሯጭ አልጋ ይዛወራሉ። ሯጭ አልጋ ማለት ሰውየው ተኝቶ እግሩን የሚያሮጥለት አልጋ ነው።

ሠላሳ አምስት ዓመት የስፖርት አስተማሪ ነበረች። ስንቱን ጎረምሳ «ጉልበትህን አታስጨንቀው፣ ሲያምህ ቁም» ስትል የኖረች ሴት፣ አሁን ራሷ እንደ ልጅ ልትመረመር ነው። ከዚያ ሁሉ በላይ ግን የፈራችው አልጋውን ነው። ልጇ እሁድ እሁድ በምስል ትጠይቃታለች፤ ምሳዋ በግድግዳ መስኮት ይመጣል፤ በሩ ከታሸገ ደህና ዋልክ የምትለው አንድም ነገር አይኖራትም።

«ቆጣሪው ነው የተበላሸው» አለችው ገና ሳይጀምሩ።

«ይሆናል» አለ ይድነቃቸው። «በዚህ ሳምንት ሰባተኛዬ ነዎት። ስድስቱም ቆጣሪው ነው ያሉኝ። ለሁሉም አዲስ ቀየርኩላቸው፤ አዲሱም ያንኑ ቆጠረ።»

መሮጥ ጀመሩ። አንድ ዙር በእግር፣ አንድ ዙር በሶምሶማ፣ እንደገና በእግር። ኤልዳና ቀኝ እግሯን እየቆጠበች ታነክሳለች፤ ጎበዜ እርምጃውን ከእርምጃዋ ጋር ያስተካክላል፤ ይድነቃቸው በሁለተኛው ዙር ላብ አጥምቆታል። ቴክኒሻኑ ሲያለከልክ ስታይ ትንሽ ደስ አላት። በቀለበቱ መስታወት በኩል ከተማው ሁሉ ይታያል፤ ታች ያለው ሰው ግን ከዚህ ከፍታ አይለይም።

ሦስት ሺህ እርምጃው ሲያልቅ በሯ ላይ ደረሱ። ይድነቃቸው ጎንበስ ብሎ ጠባቂውን አነበበ።

«ሦስት ሺህ አሥራ ሁለት። እንግዲህ ቆጣሪው ጤነኛ ነው» አለና ግራ ገባው። «ሌላ የሚሄዱበት ቦታ አለ?»

«የት እሄዳለሁ?»

«እንግዲያው ይግቡ። እኔ እዚሁ ቆሜ አያለሁ።»

ኤልዳና ገባች። በሩን ግን ገርበብ አደረገችው እንጂ አልዘጋችውም። «ደህና ይሁኑ ወይዘሮ ኤልዳና» አለ ጎበዜ፤ ዞሮም ወደ ማረፊያው ጉዞ ጀመረ። ማረፊያው፣ ማለትም ኃይል የሚሞላበት ጉድጓድ፣ በቀለበቱ ማዶ አምስት መቶ እርምጃ ያህል ርቆ ነው ያለው። እግሮቹ ወለሉ ላይ ጠቅ ጠቅ ይላሉ። ኤልዳና በተከፈተው በኩል ጀርባውን አየችው። አትውጪ፣ ዛሬን ብቻ አትውጪ አለች ለራሷ። በሩ ይታሸጋል፣ አልጋው ይመጣል። አሥር እርምጃ ራቀ። ሃያ። እጇ በሩን ያዘ። ጎበዜ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ አልቻለችም፤ ቴክኒሻኑን ገፋ አድርጋ ወጣች።

«ቆይ እንጂ ጎበዜ! ብቻህን?»

ማሽኑ ቆመ፤ እሷም እያነከሰች ደረሰችበትና ጎን ለጎን ሄዱ። ማረፊያው ዘንድ ሲደርሱ፣ «በል እንግዲህ፣ በደህና ግባ» አለችው። ጎበዜ ግን አልገባም።

«ወይዘሮ ኤልዳና ከበራቸው ውጭ ናቸው» አለ። «አዛውንት ከበሩ ውጭ ትቼ አልሄድም። እስከ ቤትዎ አደርስዎታለሁ።»

ይድነቃቸው ቦርሳውን እንዳነገተ መሐል መንገድ ላይ ቆሞ ሲመለሱ አያቸው። በሯ ላይ ሲደርሱ ጎበዜ ደህና ይሁኑ አለና ዞረ፤ እሷም አብራው ዞረች። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባው።

«ስንት ጊዜ ነው እንዲህ የምትመላለሱት?»

«ተራዬ እስኪያልቅ» አለች አንገቷን ደፍታ። «ስድስት ጊዜ ደርሶ መልስ። ሰዓቱ ሲሞላ ደወል ይደወልና እገባለሁ።»

ይድነቃቸው ከት ብሎ ሳቀ። የሳቀው ብቻውን መሆኑን ሲያውቅ አቆመ።

«ማሽን ነው እኮ እትዬ።»

«ማሽን መሆኑን አጣሁት? አላበድኩም እኮ ልጄ» አለች። «ሰው ቤትህ ድረስ አድርሶህ ሲመለስ ደጅ ላይ ጥለኸው በር ትዘጋለህ? እንዲህ ነው ያሳደጉህ? እሱን ስሸኝ እኮ ቤቴ እንግዳ መጥቶ ነበር ማለት ነው። የምሸኘው አለኝ ማለት ነው። ሌላ የምሸኘው ማን አለኝ?»

እንባዋ መጣ፤ አልከለከለችውም። ይድነቃቸው ቦርሳውን ከፈተና የማማው መዝገብ ያለበትን ሰሌዳ አውጥቶ፣ ለሥራ ብቻ ሳይሆን ዓይኗን ላለማየትም ጭምር፣ መዝገቡን ማገላበጥ ያዘ። አገላብጦ ሳይጨርስ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«ማማው ውስጥ ሦስት መቶ ሃያ ሰው አለ» አለ ቀስ ብሎ። «ሁለት መቶ ሰባ አንዱ ጉልበቱን ታሟል። የሁሉም ትርፍ እርምጃ ያለው በአጃቢው ማረፊያና በበሩ መሐል ነው። ሁለት ወር ሙሉ ስለ ጫማ፣ ስለ ወለል፣ ስለ ክብደት ስንከራከር ከረምን። ለካስ ሁላችሁም ማሽን ትሸኛላችሁ።»

ኤልዳና እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። እሷ ብቻ የምትሠራው ሞኝነት መስሏት አራት ዓመት ስትደብቀው ኖራለች።

«እዚህ ፎቅ ላይስ?»

«ስምንታችሁም።»

«አቶ ሮቤልም?»

«የሰው ሕመም መናገር አይፈቀድልኝም ነበር» አለና ወደ ግድግዳው አየ። «የእሳቸው ግራው ነው። አሥራ አንድ ሺህ እርምጃ። ከእርስዎ ይብሳሉ።»

ከዚያ ተነስቶ ሱሪውን አራገፈና የመፍትሔውን ነገር ነገራት። ከሰኞ ጀምሮ የአጃቢዎቹ ማረፊያ በየሰዉ በር አጠገብ ግድግዳው ውስጥ ይሆናል። ማሽኑ ደህና ይሁኑ ይልና እዚያው ይገባል፤ የሚሸኝበት መንገድ አይኖርም። ምክንያቱ ስለታወቀ በሩ አይታሸግም፣ አልጋም አይመጣም። ጉልበት ሁሉ በሦስት ሳምንት ውስጥ ይድናል።

«ደስ አይልም?» አላት።

«ደስ ይላል» አለች። ደስ እንዳላላት ግን ራሷም ሰማችው። ይድነቃቸውም የሰማ ይመስላል፤ ሊፍቱ ድረስ ልትሸኘው ስትነሳ፣ «በእግዜር ይሁንብዎ፣ በዚህ ጉልበት አንድ እርምጃ እንዳይጨምሩ» ብሎ ለምኗት ብቻውን ሄደ።

ኤልዳና ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን እያሸች አሰበች። በሩ ተረፈላት። ሩጫዋ ተረፈላት። ከሰኞ በኋላ ሦስት ሺህ እርምጃዋን ትሄዳለች፣ ጎበዜ ግድግዳ ውስጥ ይገባል፣ እሷም ትገባለች። ከግድግዳው ወዲያ አቶ ሮቤል ሲስል ተሰማ። እሱም ይድናል። ይህን ስታስብ ድንገት ደነገጠች። የታመመ ሰው ይጠየቃል፤ የታመመን ለመጠየቅ ደግሞ ምን ልል መጣሁ አይባልም። የዳነን ሰው ግን ምን ብላ ልትጠይቀው ነው? ሦስት ሳምንት ብቻ ነው ያላት።

በምሳ መስኮቱ ከመጡላት ያስቀረቻቸው ሦስት ብርቱካኖች ነበሩ። በፌስታል አድርጋ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ በሊፍቱ በኩል ባለው በር ወጣች። ከበር እስከ በር አሥራ አንድ እርምጃ ነው። አንኳኳች። ከውስጥ ወንበር ተንቋቋ፣ የሚጎተት እግር ተሰማ፣ ቆየና በሩ ተከፈተ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጺሙን ያልተላጨ ሽማግሌ ነው። የበሩን መቃን ይዞ በቀኝ እግሩ ቆሟል።

«ታመዋል ሲሉ ሰምቼ ልጠይቅዎ ብዬ ነው» አለች ኤልዳና፤ ልቧ እንደ ተማሪ ይመታል። «ጎረቤትዎ ነኝ። እግዜር ይማርዎ።»

«እኔን?» አለ አቶ ሮቤል። «ማን ነገረዎት?»

«የእኔው ጉልበት ነገረኝ» አለችና ቀኝ እግሯን አሳየችው።

ሰውየው የጨርቁን እብጠት አየ፣ ከዚያ የእሷን ፊት አየ፣ ከዚያ ጆሮው ድረስ ቀላ። ምን ሲሠራ እንደከረመ የሚያውቅ ሰው እንደተገኘ ገባው።

«ይግቡ፣ ይግቡ እንጂ! ደጅ ላይ አቆምኩዎት።»

ቤቱ የእሷ ቤት ግልባጭ ነው። አልጋው ቀን ቀን ግድግዳ ውስጥ ስለሚገባ ባዶ ነው። መሐሉ ላይ ጠረጴዛና አንድ ወንበር ብቻ አለ። አቶ ሮቤል ወንበሩን እያየ አፈረ።

«ሁለት ነበሩ» አለ። «ማን ይቀመጥበታል ብዬ አንዱን መለስኩት። ይቀመጡ።»

«እርስዎ ይቀመጡ እንጂ! ታማሚ ሊጠይቅ የመጣ ይቀመጣል?»

«በገዛ ቤቴ እንግዳ አቁሜ?»

«የእርስዎ ይብሳል አሉኝ።»

«ማን ነው ያለው? ምንም አልሆንኩም፣ ይኸው!» አለና በግራ እግሩ ሊረግጥ ሞክሮ ጠረጴዛውን ያዘ።

«በሞቴ ይቀመጡ!»

«እኔ ልሙት፣ አልቀመጥም!»

ጉልበት ጠባቂዎቹ መጀመሪያ የእሷው፣ ቀጥሎ የእሱ፣ በዚያች ትሕትና በማይለያት ድምፃቸው፣ «እብጠትዎ ጨምሯል፤ እባክዎ ይቀመጡ» ማለት ጀመሩ። ኤልዳና አንዱን የወንበር መደገፊያ ይዛ ወደ እሱ ትገፋለች፣ አቶ ሮቤል ሌላውን ይዞ ወደ እሷ ይመልሳል። ብርቱካኖቹ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል። «ይቀመጡ» ትላለች። «ይቀመጡ» ይላል። «እባክዎ ይቀመጡ» ይላሉ ጨርቆቹ። ማንም አልተቀመጠም።