የልብስ ሰፊዋ ቁስል

እስቲ ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ የአንዲት አራስ ነገር ላውጋችሁ።

ልብስ ሰፊ ናት። የሰፈሩ ሰው «ጣተ ወርቅ» ይላታል፤ የተቀደደ ልብስ ሰፍታ ስትመልስ ቀዳዳው የት እንደነበር ባለቤቱ ራሱ ይጠፋዋል። ምን ያደርጋል! የሰው ልብስ ስታቃና የኖረች ሴት፣ የገዛ ገላዋ ተቀዶ ሲሰፋ ቀኑ ጨለመባት። ምጡ ጠንቶ፣ በሆዷ ያለችው ልጅ የልብ ምት ሲደክም፣ ሐኪሞቹ በማደንዘዣ አስተኝተው በቀዶ ጥገና አዋለዷት። ስትነቃ ነርሷ የተጠቀለለች ሕፃን አስታቅፋ «ልጅሽ ናት፣ እንኳን ደስ አለሽ!» አለቻት። ደስታው ግን ከየት ይምጣ? መቼ ወለድኳት? የኔ መሆኗንስ በምን ልወቅ?... ይህ ለማን ይነገራል! ዋጥ አደረገችው።

ቤት ስትገባ አማቷ ሊያርሷት መጥተው ጠበቋት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ምላሳቸው ግን አጥር የለውም።

«እኔ ስድስቱንም ሳምጥ ጎረቤት አላስተኛም ነበር። አንቺ እቴ፣ ተኝተሽ ተወለደልሽ!» አሉ እየሳቁ።

ቀልድ ነበር። ቀልዱ ግን ከሐኪሙ ምላጭ ይልቅ ጠልቆ ገባ።

ከዚያ ወዲያ እናትነቷን በጉልበቷ ልታስመሰክር ተነሣች። «ከባድ ነገር አታንሺ፣ ቁስሉን አታፍኚው» ብለው ሐኪሞቹ የነገሯትን ትታ፣ ከወፍራም ሸራ መታጠቂያ ሰፍታ ሆዷን ጥርቅም አድርጋ አሰረች። ስፌት ካጠበቁት አይተረተርም፤ ሙያዋ ያስተማራት ይህን ነው። ሥጋ ግን ጨርቅ ነው እንዴ? ታጥባለች፣ ታበስላለች፣ የስፌት መኪናዋን ስትረግጥ ትውላለች። ልጅቱን ግን ከማጥባት በቀር አታቅፋትም። አናጢው ባሏ «ኧረ ዕረፊ» ሲላት «ደህና ነኝ አልኩህ!» ትለዋለች።

አንድ ቀን የስፌት መኪናዋ ላይ ተደፋች። አማቷ ቢነኳት ገላዋ እሳት! መታጠቂያውን በመቀስ ቆረጡት... ቁስሉ አመርቅዞ አፉን ከፍቷል።

«ልጄ! ይህን ይዘሽ ነው ስታገለግዪኝ የከረምሽው? ምነው ብትነግሪኝ?»

«ምን ልበልዎት እማማ? ተኝታ የወለደች ምኗን ያማታል?»

አሮጊቷ ደረታቸውን መቱ። ምን ዋጋ አለው! የወጣ ቃል አይመለስ። ባሏ ተሸክሞ ሆስፒታል አደረሳት፤ ከሞት ጋር ስትተናነቅ ሰንብታ በመከራ ተረፈች።

ስትመለስ ግን ሕፃኗ ጡጦ ለምዳለች። ጡት ስትሰጣት ፊቷን አዙራ ጮኸች።

«አዩ እማማ? አታውቀኝም። እናቷ አይደለሁም...»

አማቷ ከአልጋው ሥር ተንበረከኩ። «ይቅር በይኝ፤ ቁስልሽ እንዲያመረቅዝ ያደረገው ያ አፌ ነው» አሉ። ከዚያ ትራስ ከጎኗ አኑረው፣ የልጅቱ እግር ቁስሉን እንዳይነካ በእናቷ ብብት ሥር ወደ ኋላ አሻግረው አስተኙላት። «አትቸኩይ። እሷም አዲስ ናት፣ አንቺም አዲስ ነሽ። ቀስ ብላችሁ ተዋወቁ።»

ሕፃኗ አለቀሰች፣ ፈለገች፣ ሳተች፣ ደግሞ ፈለገች... ያዘች! እናትየዋን ከወለደች ጀምሮ አልወጣ ያላት እንባ ያን ጊዜ ወረደ። «የኔ... የኔ ልጅ...»

ሥጋዋ ቀስ እያለ ዳነ። ዛሬም ብርድ ሲሆን ጠባሳው ይቆጠቁጣታል። ዕድል ሴትን በየትኛው መንገድ እናት እንደሚያደርጋት ማን ያውቃል? አንዳንዷ ከወለደች በኋላም ገና መንገድ ላይ ናት። እናም ልጆቼ፣ አራስ ልትጠይቁ ስትገቡ ሕፃኑን ከማየታችሁ በፊት «አንቺስ እንዴት ነሽ?» በሏት። መልሷንም ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ።