በሚርባዝ ባንኮኒ ላይ የነበሩ ሁለት ከበሮዎች

ሚርባዝ ከገዛ ባንኮኒው ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ሲገኝ፣ አጠገቡ ጠመንጃ ይዞ የቆመው ሰው እንግዳ ነበር። ጠመንጃ ተሠርቶ ለሚሸጥባት ለደራ ከተማ ገበያ ይህ ከበቂ በላይ ማስረጃ ነው። በእኛ ገበያ ጠመንጃም ሆነ የጥይት ካዝና የሚገዛ ሰው ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ሸለቆ ወጥቶ ተኩሶ ይሞክራል፤ ተኩስ ሰምቶ አንገቱን የሚያዞር ስለሌለ ሚርባዝን የገደለችውን ጥይት ለይቶ የሰማ አልተገኘም።

እንግዳው ቶርሳም ይባላል፤ ከባኑ ከተማ የመጣ የጭነት መኪና አጃቢ ነው። የሟች ወንድሞች ሳይደርሱበት ሮጦ ሱቤዳር ላጅባር ቤት ገባ። ላጅባር ሱቤዳር በሚባል ማዕረግ ዕድሜውን በጎሳ ፖሊስነት የጨረሰ፣ ጡረታ ወጥቶም ነገር መፈልፈል ያልተወ ሽማግሌ ነው። ደጁን የረገጠን ሰው አሳልፎ መስጠት ደግሞ በእኛ ዘንድ ከሞት ይከፋል።

የገበያው ሽማግሌዎች አለቃ ማሊክ ሳርቡላንድ ፍርዱን በኪሱ ይዞ መጣ።

«ይመንና ይገላገል» አለ። «በግ ጎትቶ የሟች አባት ደጅ ይውደቅ። አባትየው ካካ ጉልዳር ሆደ ሰፊ ናቸው፣ ይምሩታል። አሻፈረኝ ካለ የሽማግሌ ሸንጎው፣ ጅርጋው፣ ከሰዓት በኋላ ከሚሰገደው ከአስር ሶላት ቀጥሎ ከለላህን ያነሳል። ወንድማማቾቹ መንገዱ ላይ ተቀምጠዋል።»

ላጅባር ወደ እንግዳው ዞረ። «ሰምተሃል። በግ ላስመጣልህ?»

«ላልገደልኩት ሰው በግ አልጎትትም፣ ካካ» አለ ቶርሳም፤ ካካ አጎቴ እንደማለት ነው፣ ሽማግሌ የሚጠራበት።

«ትሞታለህ እኮ።»

«ልሙታ። እናቴ የገዳይ እናት ተብላ ከምትኖር የሟች እናት ትባል።»

ማሊኩ ሳቀ። «ትዕቢቱን አየህልኝ?»

«አየሁት፤ ደስም አለኝ» አለ ላጅባር ጥምጥሙን እያስተካከለ። «እስከ አስር ሶላት ድረስ የሱቁን ቁልፍ ስጠኝ።»

ሬሳው ተነስቷል፤ ሸሚዙን ግን አስቀርተውለት ነበር። ላጅባር ጀርባው ላይ ያለውን ቀዳዳ ወደ ብርሃን አዞረው። ዙሪያው በባሩድ ተለብልቧል። ተኳሹ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር ማለት ነው፤ ይህ ለቶርሳም አይበጅም። ወለሉ ላይ የቶርሳም ጠመንጃ ወድቋል፤ የተገጠመለት ትልቅ ክብ ካዝና፣ እኛ ከበሮ የምንለው፣ የሩሲያ ሥራ ነው፤ አንድም ጥይት አልቀረውም። ባንኮኒው ላይ ሌላ ጠመንጃ ካዝናው ተነቅሎ ተጋድሟል። ከጎኑ የደራ ሥራ የሆነ ከበሮ በንጹሕ ጨርቅ ላይ አፉን ወደ ታች ተደፍቶ ተቀምጧል። ላጅባር የጀርባውን መጠምዘዣ በጣቱ ነካው። ጥይቱን የሚገፋው የውስጡ ሞላ ልል ነው። ቆሞ ብዙ አየው።

ቤቱ ተመልሶ ቶርሳምን በጥያቄ ያዘው።

«ከሚርባዝ ጋር በምን ተጣላችሁ?»

«አልተጣላንም፣ ተሰዳደብን እንጂ። ያለ ስድብ ዕቃ የሚገዛ አለ እንዴ? መንገድ ላይ ሽፍታ ሲመጣ ጥይት ነክሶ የማይቆም ከበሮ ስጠኝ አልኩት። ሁለት አወጣ። "የሩሲያው ሳይተነፍስ ይጨርሳል፤ ይሄኛው የአጎቴ ልጅ የዛሪን ሥራ ነው፣ መሃል ላይ ጥይት ይነክሳል። አስተያይና ራስህ ፍረድ" አለኝ። የሩሲያውን ከነከሰ አስውጥሃለሁ ብዬው ወደ ሸለቆው ወጣሁ።»

«የዛሪንስ?»

«ቀጥዬ እንድተኩስበት ጥይት ሞልቶ፣ ሞላውን ጠምዝዞ ገና ሳልወጣ ባንኮኒው ላይ ያለው ጠመንጃ ላይ ገጠመው። ስመለስ ሰውዬው ወድቋል። ጮህኩ፤ ሰው መጣ።»

ላጅባር ከሱቁ ያመጣውን፣ ጥይቱ የወጣለትን የዛሪንን ከበሮ ጠምዝዞ አቀበለው። «ሞላውን እስኪ ልቀቀው።»

ቶርሳም ሐብሐብ እንደሚገዛ ሰው አገላብጦ አገላብጦ መለሰው። «በየት በኩል ነው?»

ከመንገዱ ማዶ የሚነግደው ነውሼር የሚርባዝ ተፎካካሪ ነው፤ መሞቱም ብዙ አላሳዘነውም።

«ደንበኞቼን ሰርቆኛል፣ ስሜን አጥፍቷል» አለ ሳይጠየቅ። «እኔ ገድየው ቢሆን ኖሮ አደባባይ ላይ ነበር፣ ገበያው እያየኝ። ሦስት ከኮሃት የመጡ ሰዎች ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ሻይ ይጠጡ ነበር፤ ጠይቃቸው።»

«ሚርባዝ የዛሪንን ከበሮ ሲጠመዝዝ አይተሃል?»

«አይቼዋለሁ። ዛሪን እንዲሰማ ብሎ ነው እንደዚያ የሚያስጮኸው። ሞላውን ወጥሮ ነው የሚያሳድረው ደግሞ፤ በዚህ ሁልጊዜ ይጨቃጨቃሉ። እንግዳው ከሸለቆው ሲገባ ወዲያው ነው ሰው እንዲደርስ የጮኸው፤ ይሄንን ለማሊኩም ነግሬዋለሁ፣ አልሰማኝም።»

የዛሪን ወርክሾፕ ከሚርባዝ ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ መሃላቸው ትንሽ በር አለች። ዛሪን ሞረዱን ሳያስቀምጥ መለሰ።

«ሱቤዳር፣ ብረት እየሞረድኩ ነበር። ምንም አልሰማሁም።»

«ስለ ሥራህ ክፉ ያወራ ነበር አሉ።»

«የአጎት ልጅ ካላወራብህ ማን ያወራብሃል?» አለና ወደ ብረቱ ጎንበስ አለ።

ከአስር ሶላት በኋላ ሁሉም በሱቤዳሩ የእንግዳ ቤት ተሰበሰቡ። ካካ ጉልዳር ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ዛሪን የሞተ ወንድማቸው ልጅ ነው፣ ከሚርባዝ ጋር በአንድ ገበታ አብልተው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ላጅባር ባዶውን የዛሪንን ከበሮ አነሳ፣ ሞላውን እስኪጮህ ጠመዘዘና ለማሊኩ አቀበለው።

«ጠቡ የመጣው በዚህ ነው። ሁላችሁም እዩት» አለና ስለ ሸለቆው፣ ስለ ተኩሱ፣ ስለ አቧራው እያንዛዛ ያወራ ጀመር።

ማሊኩ ተሰላችቶ ለነውሼር ሰጠው። ነውሼር ገልመጥ አድርጎ ለቶርሳም አሳለፈው። ቶርሳም ከጉልበቱ ላይ አንስቶ ለዛሪን ሰጠው። ላጅባር ወሬውን አላቋረጠም፤ ዓይኖቹ ግን እዚያው ናቸው።

«ማሊክ፣ ነገሩ ቀላል ነው» አለ በመጨረሻ። «ሸሚዙ ተቃጥሏል፤ የተተኮሰው ከቅርብ ነው። የሸለቆው ከበሮ ባዶ ነው፤ በእኛ ወግ የሚሞክር ሰው እስኪያልቅ ይተኩሳልና እንግዳው ሱቅ የገባው ባዶ ጠመንጃ ይዞ ነው። ስለዚህ የገደለው ባንኮኒው ላይ የነበረው ጠመንጃ ነው። ሚርባዝ ከበሮውን ጠምዝዞ ገጥሞት ነበር፤ ነውሼር አይቷል። እኔ ስደርስ ግን ተነቅሎ፣ ሞላው ላልቶ፣ አቧራ እንዳይገባው በጨርቅ ላይ ተደፍቶ ነበር። ሚርባዝ ይህን በሕይወቱ አድርጎት አያውቅም። እንግዳው መልቀቂያውን እንኳ አያውቀውም፤ ገብቶ እስኪጮህም ይህን ሁሉ የሚሠራበት ጊዜ አልነበረውም። ነውሼር ሰው ፊት ነበር። ሬሳ እግሩ ሥር ወድቆ፣ የዚህ ብረት ሞላ እንዳይደክም የሚጨነቅ ማን ነው?»

ላጅባር ወደ ዛሪን ዞረ።

«ዛሪን፣ እስኪ እጅህን ተመልከት።»

ሁሉም ዞሩ። ከበሮው ዛሪን ፊት፣ ከአንገቱ ባወረደው ፎጣ ላይ አፉን ወደ ታች ተደፍቷል። ማሊኩ መጠምዘዣውን ነካው፤ ልል ነው። ዛሪን የገዛ ጣቶቹን የሌላ ሰው ይመስል አያቸው። ከዚያ ቀና አለ፤ ፊቱ ላይ ፍርሃት አልነበረም።

«ሆን ብሎ ነው ወጥሮ የሚያሳድረው» አለ። «ሞላዬን አድክሞ፣ ገዢ ፊት ሲነክስ የዛሪን ሥራ ነው ሊል። እድሜዬን በሙሉ የሠራሁትን ስም በአንድ እንግዳ ፊት ሊቀብረው ነበር። በትንሿ በር ገባሁ። የሸለቆው ተኩስ ሲበረታ ተኮስኩ። አልነከሰም፣ ሱቤዳር። ይህን ጻፉልኝ።»

ካካ ጉልዳር ፊታቸውን በሻላቸው ሸፈኑ። የማሊኩ ሰዎች ዛሪንን አንስተው በጓሮ በር ወሰዱት።

ማሊክ ሳርቡላንድ ጉሮሮውን ጠረገና ቶርሳምን ሳያየው ተናገረ። «አንተ ነጻ ነህ። ግን በሸለቆው በኩል ሹልክ በል። ወንድማማቾቹ መሣሪያ ይዘው ዋናው መንገድ ላይ ናቸው፤ ወሬው ገና አልደረሳቸውም።»

«የሚሸሽ ሌባ ነው» አለ ቶርሳም። «እኔ በዋናው መንገድ ነው የመጣሁት፤ በዚያው እመለሳለሁ።»

ጫማውን አጥልቆ ወጣ። ላጅባር ሊያጅበው ጠመንጃውን ሊያነሳ ሲል ካካ ጉልዳር ቀደሙት። ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱና ደጁ ላይ የእንግዳውን ክንድ ያዙ።

«ካካ፣ ልጅዎ ዛሬ ነው የሞተው። ይቀመጡ» አላቸው ቶርሳም።

«ያሳደግኳቸው ሁለቱም ዛሬ አልቀዋል» አሉ ሽማግሌው። «የቀሩት ልጆቼ ደግሞ በንጹሕ ሰው ደም እንዲነከሩ አልፈቅድም። ተራመድ።»

በገበያው መሃል ጎን ለጎን ሄዱ። ሞረዶቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ከመንገዱ ጫፍ ወንድማማቾቹ ተነስተው አነጣጠሩ፤ የአባታቸው እጅ የማንን ክንድ እንደያዘ ሲያዩ አፈሙዛቸውን ወደ መሬት አወረዱ።