አሥራ አራት ኪሎ ኦም

ጊታር ሠሪው ከሥራ ጠረጴዛው ሥር በጀርባው ተዘርሯል፤ ማጅራቱ የተመታበት፣ ጠረጴዛው ላይ የታሰረው የብረት ሞርሳ ጫፍ ደም ለብሷል። ፖሊሶቹ «አዳልጦት ነው» ብለው ነገሩን ሊዘጉት ደርሰዋል። መርማሪዋ ግን መቀመጥ አልሆነላትም። ከበሩ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ ትመላለሳለች፤ ነፋሱ የጣሪያውን ቆርቆሮ ባንኳኳ ቁጥር ቀና ትላለች። ዓይኗ ከግድግዳው አልነቀል ብሏል። አዲሱ ጊታር በወጉ ተሰቅሏል፤ ገመዱ ግን ገና ከአምፕሊፋየሩ አልተነቀለም።

«ይሄን ጊታር ማን ነካው?»

«ማንም» አለች ሚስቲቱ የሹራቧን እጅጌ እያፍተለተለች። «ቀትር ላይ ክር ገዝቼ ሰጥቼው ወጣሁ። እስከዚያ ክር ስላልነበረው ድዳ ነበር። ስመለስ እንዲህ ሆኖ ጠበቀኝ።»

ሲጫወት የወደቀ ሰው ጊታሩን ተነስቶ አይሰቅልም። ሌላ ሰው እዚህ ነበር።

ጊታሩ የተሠራለት የሟች ታናሽ ወንድም ዓይኑ በለቅሶ አብጦ ገባ።

«ከጋሼ ጋር ተጣልተናል» አለ ሳይጠየቅ። «ጠዋት ደውሎ፣ ፒካፑን በቴስተር ለካሁት፣ አሥራ አራት ኪሎ ኦም ወጣ አለኝ።»

«ፒካፕ መኪና አይደል እንዴ?»

«ይሄኛው ጎማ የለውም።» ፈገግታው ከከንፈሩ አላለፈም። «ከክሮቹ ሥር ያለው ነው፤ ማግኔት ላይ የተጠቀለለ ሽቦ። የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ኦም ሽቦው ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚያግድ መለኪያ ነው፤ ዙሩ ሲበዛ ቁጥሩ ይጨምራል፤ ድምፁ ይጎላል፣ ግን ይወፍራል፣ ይደፈርሳል። እኔ የለመንኩት ጥርት ያለ ነበር። ‹ጭቃ ሠራህልኝ!› ብዬ ስልኩን ጠረቀምኩበት። ንዴቴ አልበርድ ሲለኝ ለሸረሪትም ደውዬ ቁጥሩን ነግሬ አማሁት።»

ሸረሪት የሟች አብሮ አደግና ስመ ጥር ጊታር ተጫዋች ነው፤ ስሙን ያወጡለት ክር ላይ የሚሯሯጡት ጣቶቹ ናቸው።

«ወር ሙሉ ይሄን ደጅ አልረገጥኩም» አለ ሸረሪት ለልቅሶ እንደመጣ፣ ራሱን እየነቀነቀ። «አይ ወንድሜ! ያን የመሰለ ኩልል ያለ ድምፅ ሠርቶ፣ ማግስቱን እንኳ ሳያይ!»

መርማሪዋ እርምጃዋን ገታች። አሰናበተችውና አምፕሊፋየሩን ከፍታ አንዷን ክር ነካች። ድምፁ እውነትም ኩልል ብሎ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የሽቦ ጥቅል አነሳች።

«ይሄ ሌላ ጊዜ ከሚጠቀምበት ይቀጥናል?»

«በጣም እንጂ!» አለች ሚስቲቱ። «ከፀጉር ይቀጥናል። እየተበጠሰ ሲያማርረው ሰነበተ።»

በማግስቱ ሦስቱንም እዚያው ሰበሰበቻቸው።

«ጊታሩ ክር የገባለት ከቀትር በኋላ ነው። ድምፁን የሰማ ሰው፣ ሟች በሕይወት ሳለ አብሮት ነበር። ታናሽየው አልሰማም፤ እስካሁን ጭቃ ነው ብሎ ያምናል። እርስዎ ግን ኩልል ያለ ነው አሉኝ።»

«ከቁጥሩ ገምቼ ነዋ!» አለ ሸረሪት። «ዕድሜዬን የጨረስኩበት ሙያ ነው!»

«ቁጥሩን የሰማ ባለሙያማ ወፍራም ነው ይላል። ቁጥሩ አታልሏል። ቀጭን ቧንቧ ውሃ እንደሚያንቅ፣ ቀጭን ሽቦም ኤሌክትሪኩን ያንቀዋል። ስለዚህ ዙሩ ሳይበዛ ቁጥሩ ከፍ አለ፤ ዙሩ ስላልበዛ ደግሞ ድምፁ ጠራ። ይሄን የሚያውቅ ጆሮ ብቻ ነው።»

የሸረሪት ጣቶች ጉልበቱ ላይ መሯሯጥ ያዙ።

«ሰው የሚያጨበጭበው ለእጄ ይመስለዋል» አለ በመጨረሻ። «ጊታሬን ሠርቶ ድምፁን የሰጠኝ እሱ ነው። ይሄኛው ደግሞ ከእኔው በለጠ። ለእኔ አድርገው ብዬ ለመንኩት፤ ‹የወንድሜ ነው› አለኝ። ጊታሩን ከእጄ ሊቀበለኝ ሲል ገፈተርኩት። ልገድለው አላሰብኩም።»

«ባሌን መሬት ጥለህ ጊታሩን ሰቀልክ?» አለች ሚስቲቱ።

ፖሊሶቹ ሸረሪትን ይዘውት ወጡ።

ታናሽ ወንድም ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «የመጨረሻ ቃሌ ስድብ ሆነ» አለ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ።

ሚስቲቱ አጠገቡ ዝቅ አለች።

«ስልኩን ስትጠረቅምበትኮ ከት ብሎ ሳቀ» አለችው። «‹ተዪው፣ ሲሰማው ራሱ ያፍራል› አለኝ።»