ድንጋዩ በጥላ ሳለ

የሐመድ ሬሳ ከወርቅ ጉድጓዱ ሲወጣ ደረቱ ተጨፍልቆ ነበር። ከአሶሳ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቀው በዚያ ቁፋሮ ያለ ሰው ሁሉ ገዳዩን አውቄዋለሁ አለ፤ የወደቀበትን ድንጋይ ያሰረው የቁፋሮው አለቃ ባሪያ ኻሚስ ነው። ባሪያ እያለ ሌላ ገዳይ ለመፈለግ ማን ይደክማል? የሟች ወንድም ጁምዓ ጦሩን አነሣ። ሽማግሌዎቹ ግን እስከ ነገ ቀትር ታገሥ አሉትና ዐወድን አስጠሩ።

ዐወድ የድሮ ግመል ጫኝ ነው። ነገር ሲጨልምባቸው ይጠሩታል፤ ሲበራላቸው ከምንጣፋቸው ጫፍ እንኳ አያስቀምጡትም።

ድንጋዩ እንደ ጎጆ ክዳን ነበር፤ ከላይ የሾለ፣ ከታች የሰፋ፣ ጎኑን ውሃ ያለሰለሰው። እንዲህ ያለውን በገመድ ብቻ ቢያስሩት ገመዱ በሹሉ በኩል ሾልኮ ይወጣል። ስለዚህ ሻካራ የቆዳ ጠፍር ደጋግመው ይጠመጥሙበትና በዱላ ያከሩታል፤ ቆዳው ጎኑን ነክሶ ይይዘዋል። ዐወድ ጎንበስ ብሎ የወደቀውን ጠፍር አየ። ሦስት ንቦች አርፈውበታል። እሽ አላላቸውም።

ኻሚስ ከዛፍ ጋር ታስሯል።

«አላልተህ አስረኸው ነው?» አለው ዐወድ።

«ዐሚ፣ አጎቴ፣ አንድም ድንጋይ ጥዬ አላውቅም። ያን ቀን እንዲያውም ጠፍሩ እጄ ላይ ይጣበቅ ነበር። ዛሬስ በደንብ ይዟል ብዬ ደስ አለኝ።»

«ጠፍሩ የት ነው የሚያድረው?»

«አለቃችን ሙርሳል ጎጆ።»

ጁምዓ ከኋላ መጣ። «ወንድሜን ከገደለው ጋር ወሬ ያዝክ? ግመል ጫኝ ምን ያውቃል!»

«አንድ ነገር ያውቃል» አለ ዐወድ። «የላላ ጭነት ግመሉ ሲነሣ ይወድቃል እንጂ ገበያ ደርሶ አይወድቅም። ድንጋዩ የት ደርሶ ነበር?»

«ከጉድጓዱ አፍ ክንድ ያህል ወጥቶ ነበር። ሙርሳል እረፉ አለን፤ ገመዱን ምሰሶው ላይ አሰርነው።»

«ደክሟችሁ ነበር?»

«እኔ? ወላሂ አልደከመኝም!»

«ወንድምህስ ለምን ከታች ቀረ?»

«ድንጋዩ የተነሣበትን ጠጠር እይ ብሎት። ሙርሳል ነዋ።»

የሟች ሚስት ኢቲዳል ዐወድን ለብቻው አገኘችው፤ እስኪጠይቃት አልጠበቀችም። «ባሌ ዓርብ ቃዲው ፊት ሊምል ነበር። ኻሚስ የነፃ ሰው ልጅ ነው፤ ሙርሳል በልጅነቱ ከካማሺ መንገድ ላይ ጠልፎት ነው ባሪያ ያደረገው። ይህን ለማን ልናገር? ሴት ናት ብለው ይስቁብኛል።»

በማግስቱ ጠዋት ዐወድ ድንጋዩን በዚያው ጠፍር አሳሰረና ከጉድጓዱ አፍ በላይ አሰቀለው። በጉድጓዱ ዳር የቆመው የወርካ ዛፍ ጥላ ገና ከድንጋዩ ላይ አልሸሸም። ከዚያ ሁሉንም ወደ ጉድጓዱ አወረዳቸው፤ ጁምዓን ያለ ጦሩ፣ ኻሚስን እንደ ታሰረ። ሙርሳልም ወረደ። ኢቲዳል «ባሌ የሞተበትን ልይ» ብላ ተከተለች። ዐወድም በመጨረሻ ወረደና ከላይ በቀሩት ሰዎች መሰላሉን አስወጣው።

ከታች ጠባብ ነው። የአንዱ ትንፋሽ የሌላውን አንገት ይነካል፤ ቀና ሲሉ ከድንጋዩ ሌላ የሚታይ የለም። ጁምዓ ላበው። ሙርሳል ግን ተዝናንቶ ግድግዳውን ተደገፈ። «ቶሎ ተናገርና እንውጣ፣ አንተ የግመል ቃዲ» ብሎ ሳቀ።

ዐወድ ቶሎ አልተናገረም። ስለ ቆዳ ጀመረ፤ ቆዳና ድንጋይ እንዴት እንደሚናከሱ ዘርዝሮ አስረዳ። ቀጥሎ መጥፎ አስተሳሰር ገና ከመሬት ሲነሣ እንደሚከዳ ተናገረ። «ይህ ግን ወጥቶ፣ ተሰቅሎ፣ ቆይቶ ወደቀ። ስለዚህ በአየር ላይ ሳለ የተለወጠ ነገር አለ።» ሙርሳል ቀና አለ። ዐወድ ቀጠለ፤ ማን እረፉ እንዳለ፣ ማን ሐመድን ከታች እንዳስቀረ፣ አንድ በአንድ። ሙርሳል እንደገና ቀና አለ። መሳቁን ትቷል።

የብርሃን ስንጥቅ በድንጋዩ ጎን ላይ ወረደ።

«ይበቃል» አለ ሙርሳል። «መሰላሉን አምጡ።»

«አልጨረስኩም።»

«ፀሐይ ነካው! አታዩም? ፀሐይ ነክቶታል፣ አውጡኝ!»

ዐወድ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኛ ሁላችን የፈራነው ገና ስንወርድ ነው። አንተ በጥላ ሳለ አልፈራህም። ፀሐይ ቢነካው ምን ይሆናል፣ ሙርሳል?»

ሙርሳል ዐይኑን ከድንጋዩ ሳይነቅል ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

«ሰም» አለ ዐወድ። «በጠፍሩ ውስጠኛ ጎን የንብ ሰም ቀባህበት። ሲቀዘቅዝ ይጣበቃል፤ ኻሚስ በደንብ ያዘ ብሎ ተደሰተ። ፀሐይ ሲያቀልጠው ያንሸራትታል። ንቦቹ ነገሩኝ። ማታ በፈላ ውሃና በአመድ አጥቤዋለሁ፤ አሁን ቢውልም አይወድቅም።»

ጁምዓ የሙርሳልን አንገት ያዘ። «ለምን?»

«ይሄን ነፃ ሊያወጣብኝ!» አለ ሙርሳል፣ በአገጩ ወደ ኻሚስ እያመለከተ። «በእጄ ያሳደግሁትን!»

«አራት ሰው ሰማ» አለች ኢቲዳል። «አሁን ሴት ናት ይበሉኛ።»

መሰላሉ ወረደ። ጁምዓ ሙርሳልን ለቀቀና አንገቱን ደፍቶ የኻሚስን እጆች ፈታ፤ ቀድሞ ወጣና ከላይ ክንዱን ዘረጋለት። ኻሚስ ክንዱን አልፎ በራሱ ወጣ። የተላጠ የእጅ አንጓውን ጥቂት አሻሸና ወደ ኢቲዳል ዞረ።

«ባልሽ ቃዲው ፊት ሊምልልኝ የነበረበት ዓርብ ስንት ቀን ቀረው?» አላት።