በመሐረብ ላይ ያረፈው መነጽር

የመርከቡ ካፒቴን የክፍሏን በር ሲያንኳኳ መርፌ ያሰበችው፣ ያ ባለ ጋዋን ሰውዬ ይቅርታ ልኮባት ይሆናል ብላ ነበር።

ከምሳ በኋላ መንገደኛው ከተማውን ሊጎበኝ ሲወርድ፣ እሷ በረንዳዋ ላይ ጋደም አለች። ወደቡ ጠባብ ስለሆነ ዘግይቶ የደረሰ መርከብ ከቀደመው ጎን፣ በወንዙ በኩል፣ ተጠግቶ ይታሰራል። ዓይኗን ስትገልጥ ወንዙ የለም። እጅ ቢዘረጋ በሚደረስበት በረንዳ ላይ የመታጠቢያ ጋዋን የለበሰ ወፍራም ሰው ሻይ ይጠጣል። ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ ሰላም አላት። መጋረጃዋን ጥርቅም አድርጋ ዘጋች። ያም መርከብ ውሃውን ሞልቶ፣ የእነመርፌ መርከብ ጎብኚዎች ከከተማ ሳይመለሱ መንገዱን ቀጠለ።

«እርስዎ መርማሪ ነበሩ ይባላል» አለ ካፒቴኑ።

«ነበርኩ። አሁን ጡረታ ወጥቼ የእህቶቼ ልጆች በግድ እያዝናኑኝ ነው።»

«አንዲት እናት ሞተውብናል።»

መርፌ ባልደረቦቿ ያወጡላት ስም ነው። ትንሽ ናት፣ ዝም ትላለች፣ ከገባች በኋላ ነው የምትታወቀው።

የሟቿ ክፍል መስኮት ወደቡን ያያል። አሮጊቷ አልጋቸው ላይ ተጋድመዋል፤ ፀጉራቸው እንኳ አልተዛነፈም። ራስጌው ጠረጴዛ ላይ፣ አራት ጊዜ በታጠፈ ነጭ መሐረብ ላይ፣ መነጽራቸው መስታወቱን ወደ ላይ አድርጎ አርፏል። የመነጽሩ ማኅደር አጠገቡ ባዶውን ተከፍቷል።

«ታፍነው ነው» አለ የመርከቡ ሐኪም። «አፋቸው ውስጥ የትራስ ክር አለ።»

ካፒቴኑ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጃቸው ጠበቃ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ዳኛ ሆኖ ይሾማል፤ ጉዞውም ሹመቱን ለማክበር ነው። የገደለቻቸው አብራቸው ያለችው ነርሳቸው ናት ይላል። ጀምበር ሳትጠልቅ ከሚቀጥለው ከተማ እንደርሳለን፤ እዚያ ለፖሊስ አስረክባታለሁ።»

«ካልሆነችስ?»

«እስከዚያ ጊዜ አለዎት።»

ነርሷን የዘጉባት አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ነው። የብርቱካን ከረጢት አሁንም በእጇ ነበር።

«መነጽራቸውን ማን ያወልቅላቸዋል?»

«እኔ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። አውልቄ ማኅደሩ ውስጥ ነው የማስገባው። አንድ ቀን ብረሳ፣ እማማ ‹ዓይኔን ሜዳ ላይ ጣልሽው› ብለው እስኪመሽ አኮረፉኝ።» ልትስቅ ሞከረች፤ እንባ ቀደማት።

«ዛሬስ?»

«መነጽራቸውን እንዳደረጉ ነበር የተውኳቸው። ብርቱካን አምጪልኝ ብለው ላኩኝ። በር ሲዘጋባቸው ይጨንቃቸዋል፤ ገርበብ አድርጌው ሄድኩ። ስመለስ… ጮህኩ።»

«ከመሄድሽ በፊት የተለየ ነገር አሉሽ?»

«‹ዛሬ ስለ አባትሽ እነግርሻለሁ› አሉኝ። አባቴን መኪና ገጭቶት ነው የሞተው፤ ሕፃን ነበርኩ። ገጪው አልተገኘም። ከዚያ እማማ ወስደው አሳደጉኝ፣ አስተማሩኝ። ለምን እኔን እንደመረጡ ጠይቄያቸው አላውቅም።»

አብረው የሚጓዙትን የሟቿን ወንድም ያገኘቻቸው የመርከቡ መጠጥ ቤት ውስጥ፣ ከአስተናጋጁ ጋር ካርታ ሲጫወቱ በዋሉበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ካርታው እንደተበተነ ነበር።

«እኔ ከዚህ አልተነሳሁም። ይህን ልጅ ጠይቂው፤ ሱሪዬን ሊያስወልቀኝ ምንም አልቀረው።» አስተናጋጁ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«እህትዎ ዛሬ ምን ሊናገሩ ነበር?»

ሽማግሌው የተበተነውን ካርታ መሰብሰብ ጀመሩ። «ምሳ ላይ ‹ሸክሜን ሳላወርድ ከዚህ መርከብ አልወርድም› አለች። ልጇ ማንኪያውን አስቀመጠ። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ፤ የሟች ምስጢር ከእኔ አፍ አይወጣም።»

ጠበቃው ከመርፌ ክፍል ሁለት በር አልፎ፣ በዚያው በወንዙ ጎን ነበር ያረፈው። ከጉብኝቱ ከሰዎች ጋር የተመለሰችው ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣለች።

«ከምሳ ጀምሮ እስከ ጩኸቱ ድረስ በረንዳዬ ላይ ነበርኩ» አለ። «ወንዙ ጸጥ ብሏል፤ ዓሣ አጥማጆች መረብ ይጥላሉ። ዓይኔን አልነቀልኩም። እናቴ ከኮሪደሩ ማዶ ስትሞት እኔ የሰው ጀልባ እቆጥር ነበር!»

መነጽሩን አውልቆ፣ መሐረብ አውጥቶ ዓይኑን ጠረገ፤ መሐረቡን አጣጥፎ መነጽሩን በላዩ አሳረፈ። ሚስቱ አየችው። መርፌ ደግሞ ሚስቱን አየቻት።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሁሉም ሳሎኑ ውስጥ ተሰበሰቡ። ነርሷም መጣች።

«ከመነጽሩ ልጀምር» አለች መርፌ። «ሟቿ በራሳቸው እጅ አያወልቁትም። ነርሷ ብታወልቀው ማኅደሩ ውስጥ በሆነ ነበር።»

«ቸኩላ ይሆናላ!» አለ ጠበቃው።

«የቸኮለ ሰው መሐረብ አያጥፍም።»

«መሐረብ ማንም ያጥፋል። ይህ ማስረጃ አይባልም።»

«እውነትህን ነው፣ አይባልም። እንግዲያው ስለ ዓሣ አጥማጆቹ እናውራ። እኔና አንተ በአንድ ጎን ነን። ከእኔ በረንዳ ፊት ለፊት የነበረው ግን ጋዋን ለብሶ ሻይ የሚጠጣ ሰው ነው።»

«የጎረቤቱ መርከብ!» አለ ካፒቴኑ። «ከጫፍ እስከ ጫፍ ጋርዶን ነበር።»

«በረንዳው ላይ የነበረ ሰው ወንዙን ሊያይ አይችልም። አንተ ግን ጠዋት ያየኸውን ወንዝ ለከሰዓት አበደርከው። መርከቡ መምጣቱንም መሄዱንም አላወቅህም። ለምን? ወደቡ በሚታይበት ጎን ስለነበርክ። እዚያ ደግሞ በሩ ገርበብ ያለ አንድ ክፍል ነበር።»

«እንቅልፍ ወስዶኝ ቢሆንስ?»

«ዓይኔን አልነቀልኩም ያልከው አንተ ነህ።»

ጠበቃው አፉን ከፈተ። የተናገረችው ግን ሚስቱ ናት።

«ተው፣ በቃ። መነጽርህን በመሐረብ ላይ ማሳረፍ ያስተማረችህ እናትህ ናት። ስንጋባ የነገርከኝ ራስህ ነህ።»

ሽማግሌው ወደ ነርሷ ዞሩ፤ ፊቷን ግን ማየት አልቻሉም። «አንቺ ልጅ፣ አባትሽን የገጨው እሱ ነው። ጎረምሳ ነበር። እህቴ ደበቀችው፤ እኔም ደበቅኩት። ዛሬ ልትነግርሽ ነበር።»

«አንድ ሳምንት ብትታገሰኝ ምን ነበረበት?» አለ ጠበቃው፣ ለማንም ሳይሆን። ቆይቶም «መነጽሩን ያወለቅኩት ፊቷ ላይ እንዳይሰበር ብዬ ነው» አለ።

ሚስቱ ከአጠገቡ ራቀች።

መርከቡ ወደብ ላይ ሲቆም ፖሊሶች ገብተው ጠበቃውን ይዘው ወረዱ፤ የሟቿንም መነጽር በመሐረቡ ጠቅልለው ወሰዱት። መርፌ ነርሷን ያገኘቻት ባዶው አልጋ አጠገብ ቆማ፣ ባዶውን ማኅደር እየከፈተች ስትዘጋ ነው። ብርቱካኖቹን ራስጌው ጠረጴዛ ላይ ደርድራቸዋለች።

«እወዳቸው ነበር» አለች። «አሁን ይህን ፍቅር ምን ላድርገው?»

መርፌ መብራቱን አብርታ አጠገቧ ቆመች።