የታች ሰፈሩ ሰውዬ

ቀረብ በሉ። መብራቱ ሄዷል፣ ቶሎም አይመጣም። ጨለማ ሲሆን እኔ ዝም ማለት አልችልም። ዝም ካልኩ የገዛ ልቤን እሰማና እሱንም እፈራዋለሁ። ሽንት ቤት እንኳ የምሄደው እየዘፈንኩ ነው። ባለቤቴ "ጅቡ ድምፅሽን ሰምቶ አገር ለቋል" ይለኛል። እንግዲህ እንዲህ ያለችው ሴት ናት የመንፈስ ታሪክ የምታወራላችሁ። ሳቁ፣ ሳቁ። ቆይ ትፈራላችሁ።

ድሮ ነው። በጣም ድሮ። ጫካ ውስጥ፣ ትልቅ ወንዝ ዳር አንዲት ከተማ ነበረች። ስሟን አልናገርም። የእኛን ከተማ ከመሰለቻችሁም ዝም በሉ። እንዴት ተቆረቆረች? ቡና የጫነች በቅሎ ጭቃ ውስጥ ሰመጠች። ነጋዴዎቹ "እስክትወጣ እንጠብቅ" ብለው ጎጆ ቀለሱ። በቅሎዋ ወጣች፣ ሄደች። ሰዎቹ ቀሩ። ሌላውን ከተማ ንጉሥ ይቆረቁረዋል፣ እኛን በቅሎ ቆረቆረችን። እነሱን ማለቴ ነው።

ከላይ ጫካ ነው፣ ከታች ወንዝ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙ ዳሩን ይበላል። ማዘጋጃ ቤቱ ሰሌዳውን ነቅሎ ወደ ላይ ይሸሻል። ሕዝቡም ድስቱን ተሸክሞ ይከተላል። ወደ ላይ ሲሸሹ ደግሞ ጫካው አላሳልፍ ይላል። ጉሬዛዎቹ ዛፍ ላይ ተቀምጠው ቁልቁል ያዩዋቸዋል። "እነዚህ ሰዎች አያርፉም እንዴ?" የሚሉ ነው የሚመስለው።

አንድ ክረምት ታዲያ ወንዙ ሰው በተኛበት መጣና ታች ሰፈርን ወሰደው። ቤቱንም፣ ሰዉንም። ሲነጋ ውሃ ብቻ ነበር።

በዓመቱ ነው። ጉተማ የሚባል ማር ቆራጭ ላይ ሰፈር ይኖር ነበር። ሚስቱን አያንቱን ምጥ ያዛት። የመጀመሪያዋ ነው፣ ልጁ ደግሞ በእግሩ መጥቷል። አዋላጇ እትዬ ዘርትሁን ያሉት ከወንዙ መታጠፊያ ወዲያ ነው። እሳቸው ካልደረሱ እናትም ልጅም የሉም። መሽቷል። ጎረቤቶቹ "ሰው ይዘህ ሂድ እንጂ" አሉት። "ብቻዬን እፈጥናለሁ" አለ። ምን አለ? ብቻዬን!

መንገዱ ጠባብ ነው። በግራ ጫካ፣ በቀኝ ወንዝ። ሄደ፣ ሄደ። ከፊቱ አንድ ሰውዬ ቆሟል። ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቧል።

"እንደምን አመሸህ ወንድሜ?"

"እግዜር ይመስገን።"

"መንገዱ ጠፋብኝ። ታች ሰፈር በየት ነው?"

ጉተማ መንፈስ ነው ብሎ ጠረጠረ? አልጠረጠረም! "ይሄ ምስኪን ሌላ አገር ከርሞ መመለሱ ነው፣ አልሰማም" አለ በሆዱ። እስቲ ንገሩኝ፣ የሰው ቤት በውሃ መወሰዱ በማታ፣ በመንገድ ላይ ይነገራል? መርዶ እኮ ነው! መርዶ ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው። እኛ ሰዎች ይሉኝታ ገድሎናል። እኔም ብሆን "ዛሬ እኛ ቤት እደር" ብዬ ጭራሽ ቤቴ አስገባው ነበር።

"ና፣ አብረን እንሂድ" አለው ጉተማ።

ሄዱ፣ ሄዱ። የሰውዬውን እግር አየ። ርሷል። "ዝናብ ነው" አለ። ዝናብ ግን አልዘነበም። ሄዱ፣ ሄዱ። ሰውዬው ሲናገር ከአፉ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። "ጉንፋን ነው" አለ። ጉንፋን! እኔ ፈሪ ነኝ እንጂ እንደዚህ ሞኝ አይደለሁም። ይሁን፣ እሱንም ነኝ።

የታች ሰፈር መገንጠያ ጋ ደረሱ። እዚህ መለያየት ነበረባቸው።

"ሚስቴና ልጆቼ ይጠብቁኛል" አለ ሰውዬው። "እኔ ሳልመጣ እራት አይበሉም።"

ጉተማ አዘነለት። "እስቲ ትንሽ ልሸኝህ" አለው። ትንሽ ሸኘው። ደግሞ ትንሽ ሸኘው። መንገዱ ቁልቁል ሆነ። ብርድ ብርድ አለው። ያኔ አያንቱ ትዝ አለችው።

"ወንድሜ ይቅር በለኝ!" ብሎ ጮኸ። "ሚስቴ ልትሞትብኝ ነው! ታች ሰፈር የለም! አምና ውሃ ወስዶታል፣ ሰዉም አልቋል!"

ሰውዬው ቆመ። ጋቢውን ገለጠው። ፊት የለውም። ፊቱ ላይ ውሃ ብቻ ነው የሚፈሰው።

"ሁሉም? እኔ ብቻ ነኝ ያልሰማሁት?" አለ። ቀጥሎ ወደ ጉተማ ዞረና፣ "ታዲያ አንተ ወንዝ ውስጥ ምን ትሠራለህ?" አለው።

ጉተማ ቁልቁል አየ። እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ነው።

የዛፍ ሥር ይዞ ወጣ። እየጮኸ እትዬ ዘርትሁን ደጅ ደረሰ። በሩን ከፍተው አዩት።

"ምጥ የያዘው አንተን ነው እንዴ?" አሉት። ኩራዛቸውን አነሡ። ወንዶች ልጆቻቸውን ከፊትም ከኋላም አሰለፉ። ደረሱ። ልጁንም በሰላም አወጡት፣ አያንቱም ተረፈች። እልል ተባለ። ሕፃኑ አለቀሰ።

ከግድግዳው ውጪ ሌላ ለቅሶ ተሰማ። የትልቅ ሰው ለቅሶ።

"ማነው እሱ?" አሉ እትዬ ዘርትሁን።

"እኔ ያረዳሁት ሰው ነው" አለ ጉተማ።

መርዶ የሰማ ሰው ብቻውን ይተዋል? ጉተማ ግን ትቶት ሮጧል። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰውዬው አብሮት የሚያለቅስ ይፈልጋል። የልጅ ለቅሶ በሰማበት ሁሉ የራሱ ለቅሶ ቤት እየመሰለው ይመጣል። ስለዚህ በወንዙ ዳር ብቻችሁን አትሂዱ። እሺ? እኔማ ልጄ ገና "እ" ሲል ጡቴን አፉ ውስጥ ነው የምወትፈው። ሰዉ "እንዴት ያለ ወፍራም ልጅ ነው፣ ጎበዝ እናት ነሽ" ይለኛል። ጎበዝ! ፈርቼ እኮ ነው።

ዝም በሉ እስቲ።

ልጅሽ ነው አትበሉኝ። ልጄ ይኸው፣ እቅፌ ውስጥ ተኝቷል። ታዲያ ከግድግዳው ውጪ የሚያለቅሰው ማነው?